የዘይት መብራት በድንገት ሲበራ፦ «ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ሰላም ሰላም ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ መካኒኮች!

ከጋላፊ ተነስታችሁ ወደ ሚሌ እየመጣችሁ ነው እንበል። ሙሉ ጭነት። ሙቀቱ ያው የአፋር ሙቀት ነው። መኪናው ደህና እየጎተተ ነው። ድንገት ቀይዋ የዘይት መብራት ቦግ! የዘይት ግፊት ጌጁ ዜሮ። ምን ታደርጋላችሁ?

ጥግ ይዛችሁ ታጠፋላችሁ። በቃ። «እስቲ ሚሌ ልድረስ» የለም። «ነዳጅ ሰጥቼ ልየው» የለም። ነዳጅ እየሰጠ የሚያይ ሰው አውቃለሁ፤ ረዳቴ ነበር። ነበር ነው ያልኩት።

ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ ላስረዳ። ኮንዶሚኒየም የኖረ አለ? እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃችን ደርሶም ቢሆን እኔ ጋ ላይደርስ ይችላል። ታች ታንከሩ ሙሉ ነው። ፓምፑ ይሠራል፤ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ግን አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ምንጣፍ ያጥባሉ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ልጅ ቧንቧ ሳይዘጋ ሥራ ሄዷል። እኔ ባልዲ ይዤ እከፍታለሁ፤ ቧንቧዋ «ፍፍፍ» ብላ አየር ትተፋብኛለች። ታንከሩ ሙሉ! ፓምፑ ደህና! እኔ ግን ፊቴን አልታጠብኩም።

ሞተራችሁም እንዲሁ ነው። ታንከሩ ኮፓው ነው፤ ከሞተሩ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበት። ፓምፑ ያው ፓምፕ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ብሮንዞቹ ናቸው፤ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉት፣ የኔ ቢጤ ምስኪኖች፣ ቫልቮቹን እየተጫኑ የሚከፍቱት ሮከሮች ናቸው። ዘይት ሲጠፋ ከላይ «ጣ ጣ ጣ» የሚለው ያ ነው፤ ባልዲ እየመታሁ ነው። ለሞተሩ አየር የሚገፋለት ተርቦውስ? ተርቦው ውሃ ለአንድ ደቂቃ ሲጠፋ ኮሚቴ የሚጠራው ጎረቤት ነው። ቢጠራም አይፈረድበትም፤ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ዘንግ የተቀመጠው በስስ ዘይት ላይ ብቻ ነው።

እና ልብ በሉ። ፓምፑ ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊት አይፈጥርም። ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ በጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ብሮንዝ ተበልቶ ክፍተቱ ሲሰፋ፣ ያ ልጅ ቧንቧውን ከፍቶት ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው... ቆይ። መጀመሪያ ይሄን ልጨርስ። ባለፈው ቪዲዮ ስንቱ ነው የጻፈልኝ፣ «ወፍራም ዘይት ጨምርበት፣ ይስተካከላል»። ወንድሞቼ! ብሮንዙ ያረጀ ሞተር ላይ ወፍራም ዘይት ጌጁን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ እውነት ነው። ብሮንዙን ግን አያድነውም። እኛ ደግሞ የምናወራው ስለ ድንገት ነው። ጠዋት ደህና የነበረ፣ ከሰዓት ዜሮ። ብሮንዝ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው። ድንገት ሲሆን ጠርጥሩ፦ የፓምፑ ማዞሪያ ጥርስ ተሰብሯል፣ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ ኮፓው ውስጥ ያለው ወንፊት ተዘግቷል። የተዘጋ ወንፊት ላይ ወፍራም ዘይት? በተደፈነ ቧንቧ አጥሚት ማፍሰስ ነው። ባሰበት! ደብረ ብርሃን አድራችሁ በዚያ ብርድ በወፍራም ዘይት ስታስነሱ ደግሞ፣ ዘይቱ አራተኛ ፎቅ እስኪወጣ እኔ በጥም አልቄያለሁ።

ሌላው «ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ስለዚህ የተበላሸው መብራቱን የሚያበራው ሴንሰር ነው» ባይ ነው። የኔን ታንከር አስታውስ፣ ወንድሜ። እንዲያውም ዘይቱ ከሙሉ በላይ ከሆነ የበለጠ ፍራ። ዘይት አይወልድም። ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል አፍስሶ ናፍጣ ገብቶበታል፣ ቀጥኗል፤ አሽትተው።

እሺ፣ ምርመራው። ቶሎ ልበል፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። የዘይቱን ልክ እዩ። አሽትቱ። ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቷል። ከታች ፍሳሽ፣ ወይ በድንጋይ የተመታ ኮፓ ካለ እዩ፤ ወደ ውስጥ የጎበጠ ኮፓ ወንፊቱን ይደፍነዋል። ከዚያ ሴንሰሩን ፈታችሁ በቦታው የእጅ ጌጅ እሰሩ፤ ከቆመበት ለአፍታ ብቻ አስነሱት። ለምሳሌ ባለ 5.9 ሊትሩ የከሚንስ ሞተር ሲሞቅ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ቢያንስ 10 ፒኤስአይ ግፊት፣ ነዳጅ ሲሰጠው 30 ይፈልጋል። የእናንተን ከመጽሐፉ እዩ። የእጅ ጌጁ ደህና ካለ ሴንሰር ወይ ሽቦ ነው፤ ገላገላችሁ። ዝቅ ካለ አጥፉት፣ የዘይት ፊልትሮውን ፍቱና ወረቀቱን ዘርጉ። በመጋዝ አትቁረጡት! የመጋዙን ብናኝ አይታችሁ «ሞተሬ አለቀ» ትላላችሁ። የሚያብረቀርቅ ካለ ማግኔት አስጠጉ። ከተያዘ ብረት ነው። ካልተያዘና መዳብ ከመሰለ፣ ብሮንዙ እየተበላ ነው፤ አይዟችሁ።

ለምን እንደማመርር ልንገራችሁ። የራሴ አይሱዙ እንዲህ ዜሮ ገባብኝ። የወሰድኩት ጋራዥ መከለያውን እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ወረደ። ብሮንዞቹ እንደ መስታወት! ጥፋቱ ምን ሆነ? ከዚያ በፊት ኮፓውን የገጠመው ሰው ሲሊኮኑን እንደ ቅቤ ለድፎበት፣ ትርፉ ተቀርፎ ወንፊቱ ላይ ተለጥፏል። ኮፓው ብቻ ቢፈታ በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር። የሞተር ማውረጃውን ከፈልኩ፣ የጭነቱን ኪራይ አጣሁ፣ ይሄን ቻናል ከፈትኩ። ስለዚህ ሰብስክራይብ ለማድረግ አትሰስቱ፤ ኪሳራዬን እየተጋራችሁኝ ነው።

በሚቀጥለው የተርቦ ዘይት... ይቅርታ፣ ድምፁን ሰማችሁት? ቧንቧዬ ነው። ውሃ መጣች! ጀሪካን ልሙላ፣ ቻው!