«ለጥቂት!»፦ ሳይክል ነጂው የሚገጭበትን መንታ መንገድ ቀድሞ ማወቅ

(ምስል፦ ማለዳ፣ ጎንደር ፒያሳ። አንድ ታዳጊ በሳይክል ቁልቁል ይወርዳል።)

ይህን ልጅ እዩት። ከፒያሳ ወደ ጥምቀተ ባሕር እየወረደ ነው። ፔዳል አይመታም፣ ቁልቁለቱ ይበቃዋል። ከፊቱ ባጃጅ አለ። ቀኝ መታጠፊያው አፍ ላይ የቆሙ አንዲት እናት እጃቸውን ዘረጉ። ባጃጁ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደሳቸው ታጠፈ።

(ምስሉ ይቆማል።)

ልጁ አልወደቀም። ፍሬኑን ጨመቀ፣ መሪውን ወደ ግራ መለሰ፣ አለፈ። ዳር የቆሙት «ኧረ ለጥቂት!» አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ሄደ።

እኔ የማወራው ስለዚህች «ለጥቂት» ነው። አንድ መንታ መንገድ ላይ ግጭት በየቀኑ አይደርስም። መዝገብ ላይ እስኪጠራቀም ብንጠብቅ ዓመታት ይሄዳሉ፣ ሰውም ይጎዳል። ለጥቂት መትረፍ ግን በየቀኑ አለ። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ይዘው መንታ መንገድ ላይ እየቆሙ ለጥቂት የተረፉትን መቁጠር ከጀመሩ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ካሜራና ኮምፒውተርም ይቆጥራሉ።

አንዱ መለኪያ ቀላል ነው። ሳይክሉ አንድ ቦታ ላይ አለፈ። ባጃጁ እዚያው ቦታ ላይ ስንት ሰከንድ ቆይቶ ደረሰ? ከ1.5 ሰከንድ በታች ከሆነ ከባድ ነው። እንዲህ ያለው የሚደጋገምበት መታጠፊያ ላይ አንድ ቀን ሰው ይገጫል።

(ምስል፦ እርጥብ አስፋልት፣ የሳይክል ጎማ በቅርብ።)

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ሳይክል ለምዶባታል። ጎንደር ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይሄ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ይበላል። ነጂው ደንግጦ ፍሬን እስኪይዝ ያቺ ሰከንድ አለቀች። ፍሬኑ ጥሩ ቢሆን፣ አስፋልቱም ደረቅና ሜዳ ቢሆን፣ እስኪቆም ሌላ 7 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ይረዝማል። በክረምት የፍሬኑ ላስቲክ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል፤ መጀመሪያ ውኃውን ከቸርኬው ላይ መጥረግ አለበት። ስለዚህ መታጠፊያው ጋ ሳትደርሱ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ አድርጋችሁ ያዝ ለቀቅ አድርጉት። ፍጥነታችሁን በግማሽ ብትቀንሱ ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ የምትሄዱት ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ሹፌሩስ? ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ዓይኑ የሚሄደው መኪና ይመጣል ብሎ ወደሚጠብቅበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የሄልሲንኪ ጥናት ይህን አሳይቷል፦ ወደ ቀኝ የሚታጠፉ ሹፌሮች መኪና ፍለጋ ወደ ግራ እያዩ፣ ከቀኝ የሚመጣውን ሳይክል ይስቱታል። በተቃራኒ አቅጣጫ ዳር ዳሩን የምትነዱ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉት፤ ማንም ከዚያ በኩል አይጠብቃችሁም። የባጃጅ ወንድሞቼም፣ ዝናብ ሲመጣ የጎን ሸራው ይወርድና እይታችሁን ይጋርዳል። ከመታጠፋችሁ በፊት ፍሬቻ አሳዩ፣ ስፖኪዮ እዩ፣ አንገታችሁንም አዙሩ።

(ምስል፦ መታጠፊያ ጥግ ላይ የቆመ ሚኒባስ።)

ከሁሉም በላይ ግን መንገዱ ራሱ መስተካከል አለበት። ሰው ሁሌም ይሳሳታል። ይህ ሚኒባስ ጥጉ ላይ ባይቆም ኖሮ ሳይክሉና ባጃጁ ከሩቅ ይተያዩ ነበር። የማዕዘኑ ጠርዝ ሰፊ ቅስት ከሆነ መኪናው ሳይቀንስ ይታጠፋል፤ ጠበብ ሲል ግን የግድ ይቀንሳል። ለዚህ ብዙ ብር አያስፈልግም። ቀለምና ጥቂት ከባድ የአበባ ማስቀመጫዎች ለመጀመሪያ ይበቃሉ።

የትኛው ማዕዘን ይቅደም? በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ስለሆነ፣ ሰፈራችሁ ያለው መታጠፊያ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ቁሙ። «ለጥቂት!» ባላችሁ ቁጥር ሰዓቱንና ማን ከየት እንደመጣ ጻፉ። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።