ሐረጎን በኤሌክትሪክ መኪና
(ለደሴና ለኮምቦልቻ አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች፣ ባለንብረቶች፣ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ውላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጊዜያችሁን ሳላባክን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የመኪና ጥገና አስተማሪ ስለሆንኩ ሰው ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቀኛል። ኤሌክትሪክ ልግዛ? በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደው ሃይብሪድ ይሻለኛል? ወይስ ያለችኝን ቪትዝ ይዤ ልቀመጥ? እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። መኪናው የት ያድራል? በየትኛው መስመርስ ይሠራል? እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ ምክር መስጠት አልችልም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ምክንያቱ አይጠፋችሁም። ነዳጁ በዶላር ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል። መብራታችን ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። የማደያ ሰልፍ ላይ ያደረ ሹፌር የዚህን ትርጉም ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ ልምጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን፣ እንወጣለን። አብዛኛው ደግሞ በሁለቱ ከተሞች መሃል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ነው።

በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሚኒባስ ሰው ጭኖ ሐረጎን ሲወጣ የሚያቃስተው ለዚህም ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ኮምቦልቻ ላይ ያለው ጉልበት ደሴም ላይ አለ።

ስሌቱን እዩት። ከነሰዎቹ ሁለት ቶን የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት በስሌት ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት (የቤታችን ቆጣሪ መብራት የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) ይፈልጋል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ አንድ አሥረኛው ማለት ነው። ሲወርድ ደግሞ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ሞተሩ ወደ ዲናሞነት ይለወጥና ባትሪውን ይሞላል፤ ከፊሉ ጉልበት በጎማና በነፋስ ቢባክንም ቁልቁለቱን በጣም በትንሽ ፍጆታ ትጨርሳላችሁ። መኪናውን የሚይዘው በአብዛኛው ሞተሩ ስለሆነ ፍሬን ሸራም አይቃጠልም። ፍሬን ግሎ እምቢ ሲል ሐረጎ ላይ ምን እንደሚከተል ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ለእኔ ከነዳጅ ቁጠባው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ግን እባካችሁ ልብ በሉ። ባትሪውን ደሴ ላይ መቶ በመቶ ሞልታችሁ ቁልቁል ብትነሱ፣ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ መግቢያ ያጣል። ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ ሥራው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ደሴ የምታድሩ 90 በመቶ አካባቢ ላይ ንቀሉት። ሙሉውን መሙላት ካስፈለገ ኮምቦልቻ ላይ ይሁን።

ሃይብሪድም ያው ችግር አለበት፣ እንዲያውም ይብሳል። ባትሪው ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ናቸው። ሐረጎን ሳትጨርሱ ይሞላል። ማርሹ ላይ «ቢ» የሚል ፊደል ካለ፣ ከዳገቱ ጫፍ ጀምራችሁ እሱ ላይ አድርጉት። የቤንዚን ሞተሩ ይጮኻል፤ አትደንግጡ፣ መኪናውን እየያዘላችሁ ነው።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ? ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለሰ የሚሠራ፣ ማታ ግቢው ውስጥ የሚያሳድር፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ኤሌክትሪክ ቢገዛ አይቆጭም። ተራ ሶኬት በ10 አምፔር ሌሊቱን ሲሞላ 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ይህ ለቀን ሥራ ብዙ ነው። ግን በኤክስቴንሽን እንዳትሞክሩት! ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይዘርጋለት። በኤክስቴንሽን ቤት ይቃጠላል።

ቤት የሚከራይ፣ ቆጣሪውን ከአምስት አባወራ ጋር የሚጋራ ሰው ግን አይቸኩል። የጉጉፍቱን ደጋ ብርድ አቋርጦ ወረኢሉና መካነ ሰላም የሚሠራም እንዲሁ። ብርድ የባትሪውን ርቀት ያሳጥራል፣ መንገድ ላይ መብራት ቢጠፋም መጠባበቂያ የለም። ለእነዚህ ሰዎች አገር ውስጥ ያለ ደህና ሃይብሪድ ዛሬም ጥሩ መኪና ነው። የአዲስ አበባ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ነው። ጣርማበርን መውጣትም አለ። መሃል ላይ አስተማማኝ ፈጣን ቻርጀር መኖሩን ሳታረጋግጡ በሻጭ ወሬ ብቻ እንዳትነሱ።

ስለ ኢታኖልም ተጠይቄያለሁ። ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ ሲቀላቀል የውጭ ምንዛሪ ያድናል። ነገር ግን በሊትር ያለው ጉልበት ከቤንዚን በሲሶ ያነሰ ስለሆነ ለኪሳችን የሚለውጠው ነገር ትንሽ ነው።

የጋራዥ ልጆች፣ ይህን ለእናንተ እላለሁ። ብርቱካንማ ሽቦ ያያችሁበት ቦታ ላይ እጃችሁን አትስደዱ። ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ። ሳይሠለጥኑ መክፈት ሕይወት ያስከፍላል። ሥልጠናውን ግን አሁን ጠይቁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራው ሌላ ከተማ ሄዶ ታገኙታላችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት በሩ ላይ መዝገብ አለ። የምትሠሩበትን መስመርና መኪናችሁ የሚያድርበትን ሰፈር ጻፉልን። ለከተማ አስተዳደሮቹ የፈጣን ቻርጀርና የትራንስፎርመር ጥያቄ የምናቀርበው በዚያ ዝርዝር ነው። አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፣ ጠይቁኝ።