የካፒቴን ዊልፎርድ ኖኅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አንድ የተታለለ ሰው ላውጋችሁ። ፍራንሲስ ዊልፎርድ ይባላል፤ በእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር መኮንን ሆኖ ሕንድ ውስጥ ቤናሬስ ከተማ የተቀመጠ ሰው ነው። የግብፅም፣ የግሪክም፣ የሕንድም አማልክት ከአንድ ምንጭ ተቀድተዋል የሚል እምነት ነበረው። ማስረጃውን ከሳንስክሪት መጻሕፍት እንዲያወጣለት አንድ ፓንዲት፣ የሂንዱ ሊቅ ማለት ነው፣ ቀጠረ።

ስህተቱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። የኖኅን ታሪክና የግብፅን አፈ ታሪክ አስቀድሞ ነገረውና ይህን የሚመስል ፈልግልኝ አለው። ደመወዝ ከፋዩ የሚፈልገውን ያወቀ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም። ሻርማ፣ ቻርማና ጃፔቲ የሚባሉ ሦስት ልጆች ያሉት ንጉሥ ተገኘ፤ አባት ሰክሮ ራቁቱን ይተኛል፣ ቻርማ ይስቅበታል፣ ይረገማል። ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ቁጭ! እ.ኤ.አ. በ1792 ስለ ግብፅና ስለ ዓባይ የጻፈው ሰፊ ጥናት ታተመ።

የነቃው ቅጂውን ከዋናው ጋር ሲያስተያይ ነው። እሱ አጥብቆ የሚፈልገው ስም ባለበት ቦታ ሁሉ የእጅ ጽሑፉ ትንሽ ይለያል፣ ወረቀቱም ቀለም የነካው ይመስላል። በ1805 መታለሉን ራሱ አሳትሞ ተናገረ፤ ለዚህስ አከብረዋለሁ። ስለ ዓባይ የሠራው ካርታ ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ እንግሊዛዊው አሳሽ ስፒክ በ1863 ስለ ዓባይ ምንጭ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን።

እንግዲህ የሁለት ሕዝቦች ታሪክ ዘመዳሞች መሆናቸውን የማጣራት ሥራው እንዲህ ነው። የምትፈልጉትን ሳትናገሩ ታሪኩን ከነሙሉው አስነግሩ። በአንድ ቅጂ አትርኩ፤ ከሌላ ቦታ የተገኘ ቅጂ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ሊኖርም ላይኖርም የሚችለውን ዝርዝር ፈልጉ። የጥፋት ውኃ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ወንዝ ዳር የሚኖር ሁሉ ጎርፍ ያውቃል። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆርጅ ስሚዝ በ1872 የጊልጋሜሽ ታሪክ የተጻፈበትን የነነዌን የሸክላ ጽላት ሲያነብ ያገኘው ግን ሌላ ነው፦ መርከቧ ተራራ ላይ ታርፋለች፣ ወፎች ይለቀቃሉ፣ መሥዋዕት ይቀርባል፣ መዓዛው ይሸተታል። ቅደም ተከተሉ ከዘፍጥረት ጋር አንድ ነው።

ልዩነቱንም መዝግቡ። በነነዌው ጽላት ርግብ፣ ጨረባ፣ ቁራ ነው፤ በዘፍጥረት ቁራው ይቀድማል። በመጨረሻ መንገዱን ጠይቁ፦ ታሪኩ በማን በኩል፣ በየት አለፈ? የጊልጋሜሽ ጽላት ስብርባሪ እስራኤል ውስጥ መጊዶ ላይ ስለተገኘ፣ ለዚህኛው መንገድ አለን።

የሕንዱ እውነተኛ የጥፋት ውኃ ታሪክ ማኑ የሚባል ሰው ታሪክ ነው። ዓሣ ያስጠነቅቀዋል፣ ጀልባውን ጎትቶ ሰሜን ተራራ ያደርሰዋል። ወፎቹ የሉም። ማስጠንቀቂያ፣ ጀልባና ተራራ ብቻ ይዤ ዘመዳሞች ናቸው አልልም።