በዛበት ወይስ አነሰው? ስለ አእምሮ ሕመም መድኃኒት መጠን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን የደወሉ እናት፦ ልጄ 22 ዓመቱ ነው። እኛ የማንሰማው ድምፅ እየሰማ ሲቸገር ሐኪም ቤት ወሰድነውና ሪስፔሪዶን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት 2 ሚሊ ግራም ተጀመረለት። ወደ 4 ከፍ ሲል ድምፁ ቀነሰለት። አሁን ግን ቁጭ ብሎ መብላት አቃተው፤ ሁለቴ ጎርሶ ይነሳል፣ ከበር እስከ ጓዳ ሲመላለስ ይውላል፣ ሌሊቱም እንዲሁ ነው። አገረሸበት? ይጨመርለት ልበል?

መልስ፦ እናቴ፣ ይጨመርለት ከማለትዎ በፊት ልጁን ቀስ ብለው ይጠይቁት፦ «የሚያስነሳህ ድምፁ ነው ወይስ እግርህ?» ብዙዎች «እግሬ እንቢ አለኝ፣ ውስጤን ያቁነጠንጠኛል» ብለው ይመልሳሉ። እንዲህ ካለዎ አካቲዥያ የሚባለው የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም በተጨመረ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይመጣል፤ ላየው ሰው ሕመሙ የተነሳ ይመስላል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝም እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስህተት ነው። ባሰበት ተብሎ ይጨመራል፣ በተጨመረ ቁጥር መቁነጥነጡ ይብሳል፣ ልጁም ተማርሮ ኪኒኑን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ጭንቀቱ በርትቶበት ሕይወቱን የሚጠላም አለ። ስለዚህ የቀጠሮውን ቀን አይጠብቁ፤ ቶሎ ይውሰዱትና ያዩትን ሁሉ፣ የሁለቱን ጉርሻ ነገር ጭምር፣ ይንገሩ። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ መድኃኒቱን ሊለውጥ ወይም እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ ማስታገሻ ሊጨምር ይችላል፤ አስም ካለው መናገር አይርሱ። እስከዚያ በራስዎ አያቋርጡበት፤ ድንገት ሲቋረጥ ድምፁ ሊመለስ ይችላል።

ከአዲስ አበባ፣ የታማሚ ወንድም፦ የመድኃኒቱን ልክ ለምን ከመጀመሪያው አይሰጧትም? እህቴን መሞከሪያ ያደረጓት መሰለኝ።

መልስ፦ ንዴትህ ይገባኛል። ስኳር በአንዲት ጠብታ ደም ይለካል፤ ለእህትህ ስንት ሚሊ ግራም እንደሚበቃት አስቀድሞ የሚነግር ምርመራ ግን የለም። መድኃኒቱ የሚሠራው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች በመያዝ ነው። ከ65 እስከ 80 በመቶ ገደማ ሲያዙ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ይረግባል፤ ከዚያ ሲያልፍ መንቀጥቀጥና ሰውነት መገተር ይበዛል። አንዱን እዚያ የሚያደርሰው 2 ሚሊ ግራም ሪስፔሪዶን ነው፣ ሌላው 4 ወይም 6 ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ደግሞ ባነሰ መጠን ይሻለዋል። ለዚህ ነው ከትንሹ ተነስተን የምንጠብቀው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ስለያዛት ዳነች ማለት አይደለም፤ ሐሳቧ እስኪጠራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ነገር ግን አንገቷ ወይም ዓይኗ ዞሮ ከቀረ፣ ወይም ትኩሳት ይዟት ሰውነቷ ግትር ካለ፣ ያኔ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።

ስሙን ያልነገረን ወጣት፦ መድኃኒቴ ሦስት ጊዜ ተጨመረልኝ፣ ለውጥ የለም። ጫት እንደምቅም ለሐኪሙ አልነገርኩትም። አንዳንድ ቀንም ኪኒኑን እዘላለሁ።

መልስ፦ እዚህ ስለተናገርክ አመሰግንሃለሁ፤ አሁን ለሐኪምህም ንገረው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ከፍ ያደርጋል፣ መድኃኒቱ የሚከላከለውም እሱኑ ነው። የዘለልከውን ያላወቀ ሐኪም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይጨምራል። አንድ ቀን የተጨመረልህን መጠን ሳትዘል መውሰድ ብትጀምር ደግሞ ሰውነትህ ያልለመደው መጠን ይሆንብሃል። በቀጠሮህ የተረፈውን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዘህ ሂድና አብራችሁ ቁጠሩት።