ሽመላውን ተዉት፤ አውራ ዶሮው ይበቃናል

የተከበራችሁ የሐይቅ ከተማ ሼሆችና ቀሳውስት፣ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ የመንጠቆ ዝንብ፣ ማለትም መንጠቆ ላይ ላባ ታስሮ ዓሣ የሚታለልበት ነገር፣ አሠራር ሥልጠናችሁን የጨረሳችሁ ልጆቼ፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ገበያው እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እርሱን በመጨረሻ እነካካዋለሁ። እኔ የመጣሁት ስለ ላባ መረጣ ልናገር ነው፤ ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገርም አለ።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ላባ ላይ አቀርቅረው ሲውሉ ግራ ሳይገባችሁ አልቀረም። እዚህ ቆሮሶ የሚያዘው በመረብ ነው፤ ላባ ለምኑ? ዝንቡን የምንሠራው ለውጭ አገር አጥማጆች ነው። በሰሜን አትላንቲክ ዙሪያ ባሉ ወንዞች ሳልሞን፣ በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ደግሞ ስቲልሄድ የሚባሉ ዓሦች እንቁላላቸውን ሊጥሉ ከባሕር ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ስቲልሄድ እንግዳ አይምሰላችሁ፤ በባሌ ወንዞች ከተለቀቀው የቀስተ ደመና ትራውት ጋር አንድ ዘር ነው፤ ልዩነቱ ባሕር ወርዶ መመለሱ ነው። ሳልሞን ግን ወንዝ ከገባ ወዲያ ምግብ አይበላም። ታዲያ መንጠቆ ላይ የታሰረ ላባ ለምን ይነክሳል? ተራበ ብለን ሳይሆን ተናደደ ወይም የቆየ ልማዱ ተነሣበት ብለን ነው የምናስረዳው። ስለዚህ የእኛ ላባ ምግብ መምሰል አይጠበቅበትም። መተንኮስ ነው ያለበት።

የሚተነኩሰው ደግሞ እንቅስቃሴው ነው። ልጆቻችን ላባ ምረጡ ሲባሉ መጀመሪያ እጃቸው የሚሄደው ወደሚያብረቀርቀው ነው። እስቲ ይህችን ላባ ተመልከቱ። ከቀይ አውራ ዶሮ ወገብ ላይ፣ ጭራው ሊጀምር ሲል የተነቀለች ናት። አገዳዋን በሁለት ጣቴ ሳጥፋት ሳትሰበር ተመለሰች፤ መንጠቆ ላይ ስትጠመጠም አትከዳኝም ማለት ነው። አሁን ሳህኑ ውስጥ ነክሬ ልጎትታት። ፀጉሮቿ ወደ ኋላ ተኙ፤ ስቆም ተከፈቱ፤ ስጎትት ተኙ። ይህቺን ቢጫ ደግሞ እዩ። ደረቅ ሳለች ፀሐይ ትመስላለች፤ ውሃ ሲነካት አገዳዋ ላይ ተለጥፋ ቀረች። ሳልሞኑ በዚህ አይናደድም፤ የሚናደደው ገዢው ነው። ለቀዝቃዛና ደፍራሽ የክረምት ውሃ ረጅምና ልስልሱን፣ ለጠራ የበጋ ውሃ አጭርና ሳሳ ያለውን። የቀረው ጌጥ ነው።

ጌጡ ግን ሰውን አሳብዷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች የሳልሞን ዝንባቸውን ከደቡብ አሜሪካና ከእስያ በሚመጡ ወፎች ላባ ማሳመር ጀመሩ። ዓሣው ያንን አልጠየቀም። በሽታው ግን እስከ ዘመናችን ዘለቀ። በፈረንጆች 2009 አንድ ሙዚቃ ተማሪ፣ ዋሽንት ነፊ፣ ትሪንግ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሚገኘውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መስኮት ሰብሮ ገባ። ወርቅ አልወሰደም። 299 የደረቁ ወፎችን ሻንጣ ውስጥ ሞልቶ ወጣ! ከእነዚህም መካከል የተፈጥሮ ተመራማሪው አልፍሬድ ራስል ዋላስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የሰበሰባቸው ይገኙባቸዋል። ወፎቹን እየበለተ ዝንብ ለሚያስሩ ሰዎች ቸበቸባቸው። ከብዙዎቹ እግር ላይ መቼና የት እንደተያዙ የሚናገረው ወረቀት ተቆርጦ ስለተጣለ፣ የተመለሱትም ቢሆኑ ለሳይንስ ዋጋቸው ወድቋል። ፍርድ ቤቱም የአንድ ዓመት እስራት ፈርዶ ቅጣቱን ገደበለት።

ይህን የማወራው የሰው አገር ሰው ለማማት አይደለም። በዚህ ሥልጠና መካከል አንድ ሰው በጥቁር ፌስታል ሽመላ ይዞልኝ መጣ። ከዚሁ ከሐይቃችን ዳር! «ገዢው በስልክ ጠይቆኛል፤ ጥሩ ይከፍላል» አለኝ። አዎ፣ የድሮዎቹ የስኮትላንድ ስፔይ ወንዝ ዝንቦች በሽመላ ላባ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ግን እዚያው አገር ሽመላ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የዝይ ላባ በበረኪና ለብልበው ሽመላ ያስመስሉታል። ቀድሞ ከአባ ኮዳ ይነቀል የነበረው ልስልስ ላባም አሁን ከቱርክ ዶሮ ነው የሚወሰደው። እነርሱ የተዉትን እኛ ልንጀምር ነው? የእኛም አገር አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። አዋጁ ባይኖርስ? ከእስጢፋኖስ ገዳም ሥር፣ ሼሆቻችን ዱዓ በሚያደርጉበት ውሃ ዳር ቆሞ የሚውልን ወፍ ለፈረንጅ መንጠቆ እንገድላለን? እኔ ባለሁበት አይሆንም! የሽመላ ላባ በእጁ የተገኘ ሰልጣኝ ከእኔ ጋር አይሠራም። ገዢውም ይስማ፤ ስልኩን ዘግቼበታለሁ።

ምን ጎድሎብን ነው ደግሞ? ገብስማው፣ ወሰራው፣ ዥግርማው፣ ቀዩ ደጃችን ላይ ይጭራል። የጎደለን ጥንቃቄ ነው። እናቶቼ፣ ዶሮው ታርዶ የፈላ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአንገቱንና የወገቡን ላባ በደረቁ ንጩልን። ያ ሁሉ ሀብት በፈላ ውሃ ተጣብቆ ቦይ ውስጥ ሲፈስ ማየት ያማል። በፈንግል የሞተ ዶሮ ላባ ግን አታምጡ፤ በሽታውን ከቤት ወደ ቤት እናዛምታለን።

ለክንፍ የሚሆነውን ስትመርጡ አንዱን ከግራ፣ አንዱን ከቀኝ ክንፍ ውሰዱ፤ ካልሆነ ዝንቡ ውሃ ውስጥ ይዞራል። ከመቅለማችሁ በፊት በሳሙና እጠቡ፤ ቅባት ያለው ላባ ቀለም አይቀበልም። ብል የገባበትን በረዶ በሚሠራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ለበርካታ ቀናት አቆዩት።

ገበያውን በተመለከተ፣ ኬንያውያን ይህን ሥራ ከእኛ አስቀድመው ለዓመታት ወደ ውጭ ሲልኩ ኖረዋል፤ ስለዚህ ይቻላል። ዝርዝሩን ከሰዓት በኋላ የሚያስረዳችሁ ባለሙያ አለ።

የዛሬው ምሳ ዶሮ ወጥ ነው ተብያለሁ። ላባው ትናንት በደረቁ ተነጭቶ፣ ታጥቦ ጓዳ ውስጥ እንዲደርቅ ተዘርግቷል። ይህን ያደረጉት እናቶች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ እባካችሁ ተነሥታችሁ አጨብጭቡላቸው።