የሊማሊሞው ሌባ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ ሌባ ነው።

ስርቆቱ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1770 ሊማሊሞ አናት ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲመጣ ያን ዳገት እንደምንም ወጥቶ ዐረፈ። አሽከሮቹ የፍየል ሥጋ ይቀቅላሉ። አንድ ግዙፍ አሞራ ከመሬት ዝቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል እየበረረ መጣና ሰዎቹ ከበው ከተቀመጡበት መካከል ዐረፈ። እግሩን ወደሚፈላው ድስት ሰደደ፤ ሲያቃጥለው አወጣና ገበታ ላይ የነበሩትን ጭንና ወርች ጨብጦ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ለሁለተኛ ዙር ሲመለስ ብሩስ ተኩሶ ገደለው።

እኔን የሚገርመኝ መስረቁ ሳይሆን መመለሱ ነው። ከሰው ጋር መብላት የለመደ ካልሆነ እንዲህ አያደርግም።

ብሩስ ሬሳውን ሲያነሣ እጁን ቢጫ ዱቄት እንደሞላው ጽፏል። የዚህ አሞራ ደረትና ሆድ በተፈጥሮው ነጭ ነው፤ ብረት ያለበት ቀይ ጭቃ ውስጥ እየታጠበ ራሱን ያቀልማል፣ እንሶስላ እንደምትሞቅ ሙሽራ። ከምንቃሩ ሥር ጥቁር ጢም ስላለው ጢማም አሞራ ሊባል ይችላል። እኔ ግን ቅልጥም ሰባሪ እለዋለሁ፤ ምክንያቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዳባት ወደ ደባርቅ ስንሄድ የአውቶቡሳችን ጎማ ተነፈሰ። መንገደኛው ሁሉ ሹፌሩን ሲወቅስ እኔ ቀና አልኩ። አሞራው በእግሮቹ የከብት ቅልጥም ይዟል። ከገደሉ አፋፍ ካለ ጠፍጣፋ አለት በላይ ከፍ ብሎ ለቀቀው። ድምፁ ዘግይቶ ደረሰን። አልተሰበረም። ወርዶ አነሣው፣ ደገመ። በሦስተኛው ተሰነጠቀ። ስንዝር የሚያህል ስንጣሪ አንገቱን ወደ ኋላ እየሰበቀ ዋጠ። አጠገቤ የቆመች ሴት «ጉሮሮው የብረት ነው እንዴ?» አለች። ጉዱ ያለው ጨጓራው ላይ ነው፤ አሲዱ አጥንት ያሟሟል። ምግቡም በአብዛኛው አጥንትና መቅኒ ነው፤ ሌላው ጠግቦ የተወውን ነው የሚበላው።

ያ አለት ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውጪ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ ኋላም ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። ለቅልጥም ሰባሪው ግን ይህ መኝታ ቤቱ ነው። ጎጆውን በፓርኩ ገደል ይሠራል፤ ገበታው የተዘረጋው እኛ ዘንድ ነው። አንድ ጥንድ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር ያካልላል። በሜዳ የሞተች አህያ፣ የቄራ አጥንት፣ የፋሲካ ማግስት ትራፊ፣ እነዚህን የሚጠብቅለት የፓርክ ጥበቃ የለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከተማው ሥጋ ሲተው ምን እንደሚበላ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት ጅቦች በጾሙ ወቅት አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። የእኛ ጾምና ፍስክ ዱር ድረስ ይሰማል ማለት ነው።

በአፍሪካ ካሉት ቅልጥም ሰባሪዎች አብዛኛዎቹ የሚኖሩት በኢትዮጵያ ደጋ ነው። በዓመት ቢበዛ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ የሚያድገው ግን አንድ ጫጩት ነው። እሱም ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል። አውሮፓውያን በአልፕስ ተራሮች «ጠቦት ይወስዳል» ብለው ተኩሰው ጨረሱት፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ደግሞ በሰው እጅ ያደጉ ጫጩቶች እየለቀቁ እንደ አዲስ ማራባት ያዙ።

አሁን የምለውን ለመናገር ቀረጻውን ሦስት ጊዜ አቋርጫለሁ። ከዓመታት በፊት በሰፈራችን ውሻ በዛ፤ አንድ ሕፃን ተነከሰ። መዋጮ አወጣን። እኔ መዋጮ መስጠት ብቻ ሳይሆን መርዝ የገባበትን ሥጋ በፌስታል ይዤ ወንዙ ዳር በትኛለሁ። በማግስቱ ስድስት ውሻ ሞቶ አገኘን፤ ደስ አለን፤ ማንም አልቀበራቸውም። በሦስተኛው ቀን ከውሾቹ ጎን አራት ጆፌ አሞራ ተዘርሯል። አንዱ ገና አልሞተም፤ ክንፉን እንደዘረጋ አንገቱን ለማንሣት ይሞክራል፣ ልጆች በእንጨት ይነካኩታል። ልጆቹን ተቆጣሁ። ማንን መቆጣት እንደነበረብኝ አሁን አውቃለሁ።

ቅልጥም ሰባሪዎች አልነበሩም፤ የሩፔል ጆፌ አሞራ የሚባሉት ናቸው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ እዚሁ ጎንደር ከተቀመጠው ጀርመናዊ ተጓዥ ከኤድዋርድ ሩፔል የመጣ ነው፤ ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሰው። ዛሬ ይህ አሞራ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። አንድ ሬሳ ላይ ሥጋውን እነሱ ይበላሉ፣ አጥንቱን ቅልጥም ሰባሪው ይረከባል፤ መርዙም ተራውን ጠብቆ ይደርሰዋል።

ሞኝነታችን ደግሞ እዚህ ላይ ነው። በሕንድ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት የተወጉ ከብቶችን ሬሳ የበሉ አሞራዎች አለቁ፤ ሦስት ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ቀነሱ። የተረፈውን ሬሳ ማን ወረሰው? ውሻ። ውሻም በዛ። እኛ ውሻ ለመቀነስ ብለን የውሻን ተቀናቃኝ ገደልን።

ባለፈው ወር የውሻው ነገር እድራችን ላይ እንደገና ተነሣ። እጄን አውጥቼ ያየሁትን ተናገርኩ፤ መርዙ ይቅር፣ ውሾቹ ይከተቡ፣ በበሽታ ያልሞተ ከብት ገደል አጠገብ ለአሞራ ይተው አልኩ። አንድ አባት «ልጄ፣ የአሞራ ጠበቃ ሆንክ? ልጃችን ሲነከስ አሞራው ያክመዋል?» አሉኝ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሐቃቸውን ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም፣ የተነከሰውም ልጅ የልጅ ልጃቸው ነበር። ብዙ ተባባልን። በመጨረሻ ክትባቱን ለመጠየቅ ሦስት ሰው ተመረጠ፤ መርዙም ለጊዜው እንዲቀር ተወሰነ። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ ያስጻፏት እኚሁ አባት ናቸው።