እልል በይ እንጂ

እሺ። እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው።

እንኳን አደረሳችሁ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ግን በዓለ ሃምሳ አላለቀም። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ እንኳን አደረሳችሁ ብል ማንም አይከለክለኝም።

መጀመሪያ መርዶ አለኝ። የጎረቤታችን አውራ ዶሮ... አዎ፣ ያው እሱ። በዚህ ፖድካስት በየክፍሉ መሀል እየገባ ሲያቋርጠኝ የኖረው። "ተባባሪ አዘጋጅሽ ነው ወይ?" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ። ለፋሲካ ሄዷል። ይህን ጸጥታ ስሙት እስቲ። (ዝም ትላለች) አያችሁ? የሚገርመኝ ደግሞ፣ ጾም የሚፈታው ዶሮ ሲጮህ ነው ይባላል አይደል? እሱን ያረዱት ቅዳሜ ነው። ማን እንደጮኸላቸው እንጃ።

ዛሬ ስለ ደስታ ነው የማወራው። ስለ ደስታ የምታወራ ሴት ራሷ ደስ ያላት መሆን አለባት የምትሉ ከሆነ፣ አሁኑኑ ዝጉት። አልቀየማችሁም።

እማማን ታውቋቸዋላችሁ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው። የጾም ሹሮዬን ቀምሰው "ይሄ ጾም ነው ቅጣት?" ያሉኝ። ጥቅምት ላይ ምን እንደደረሰባቸውም ነግሬያችኋለሁ። አልደግመውም።

የትንሣኤ ሌሊት ነው። በሴቶች በኩል ቆመናል። መቆሚያ የለም። ጧፍ ይዣለሁ፣ ሰሙ ጣቴ ላይ እየተንጠባጠበ ነው፤ እንዳላራግፈው ደግሞ ከፊቴ ያለችው ልጅ ነጠላ ላይ ሊያርፍ ነው። ካህኑ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" አሉ። "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!" አልን። "አሰሮ ለሰይጣን።" "አግዐዞ ለአዳም!" "ሰላም።" "እምይእዜሰ!" "ኮነ።" "ፍሥሐ ወሰላም!"

አንዷን አልሳትኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምመልሰው። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም እመልሳለሁ።

ከዚያ እልልታው ተነሳ። ከጎኔ አንድ ድምፅ ወጣ። ቀጭን አይደለም። ወፈር ያለ፣ ትንሽ የተሰነጠቀ። ዞር ስል እማማ ናቸው። ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ ጥቁር ቀሚሳቸው ይታያል። ያ ጥቁር ደግሞ እየታጠበ ቡናማ ወደ መሆኑ ነው፣ ብብቱ አካባቢ። ዓይናቸው ላይ እንባ የለም። እንባ ቢኖር ኖሮ ይገባኝ ነበር።

እና ድምፁን አውቀዋለሁ። ቀብር ላይ የሰማሁት ድምፅ ነው። ያን ቀን "ልጄን!" ያሉበት። ያው ጉሮሮ፣ ያው መሰንጠቅ።

መሀል ላይ አቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። "እልል በይ እንጂ!" አሉኝ። በፍቅር ምናምን እንዳይመስላችሁ። በቁጣ ነው። ወጥ እያረረ ዝም ብላ የምታይ ልጅ ላይ እንደሚቆጡት።

አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። የሆነ ነገር ወጣ፣ ሳል መሰለኝ። እሳቸው አልጠበቁኝም። ትንፋሽ ሳቡና ቀጠሉ።

ቆይ፣ ይህቺን ደቂቃ እንደገና ልያት። ብዙ ጊዜ ስለማያት ነው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል እኔ ዝም ማለቴን በምን አወቁ? ሰው ሁሉ እልል እያለ የአንዷ ዝምታ ይሰማል? ወይስ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ነበር? ደግሞ የራሳቸውን አቋርጠው ነው እኮ። ያንን የሚያህል ነገር ከውስጥዋ እየወጣ ያለ ሴት እንዴት ጎኗ ያለችውን ታያለች? እኔ ደስ ሲለኝ ማንንም አላይም። ሲከፋኝም አላይም፣ እሱስ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሑዳዴን እችላለሁ። 55 ቀን። ሰሙነ ሕማማት ሲመጣ ጭራሽ ይቀለኛል። ሰላምታ የለም፣ መስቀል መሳለም የለም፣ ኪርያላይሶን ሲባል መስገድ ነው። ስቅለት ማታ ካህኑ ጀርባዬን በወይራ ቸብ ቸብ አድርገው ስግደቴን ሲሰጡኝ ደስ... አይ፣ ደስ አይለኝም። ግን ምን እንደምሠራ አውቃለሁ። ይህን ያህል ስገጂ፣ እሰግዳለሁ። ጉልበቴ ይናገራል።

ከፋሲካ በኋላ ያለውን ግን አልችልበትም። 50 ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም። ስግደት የለም። ቤተ ክርስቲያን "በዚህ ጊዜ ደስ ይበላችሁ" ብላ ሥርዓት ሠርታለች። እኛ ምን እናደርጋለን? እንጠፋለን። በሕማማት እግር መጣያ ያልነበረው ግቢ፣ በማግስቱ ሳምንት ጭር ይላል። ለነገሩ ቀኖቹ ስም አላቸው። ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት። በየቀኑ አንድ ነገር ይታሰባል። እኔ በእነዚያ ቀናት ምን ሳስብ ነበር? ጨጓራዬን። ሁለት ወር ያህል ቅቤ ያላየ ሆድ ላይ በአንድ ሌሊት ያንን ሁሉ... እሺ፣ እሱን አልናገርም። ባለፈው ዓመት ስናገር እናቴ ሰምታው ነበር።

ምናልባት ደስታም እንደ ጾሙ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ታደርጊዋለሽ፣ ስሜቱ በኋላ ይመጣል። ጾም ስትጀምሪ ሁሌ ልብሽ ዝግጁ ሆኖ አይደለም፤ ቀኑ ስለደረሰ ነው። እማማም ቀኑ ስለደረሰ እልል አሉ። እንዲህ ብዬ ራሴን ላሳምን ሞክሬ ነበር።

ግን አይ። ያ ድምፅ ቀኑ ስለደረሰ የወጣ አይመስልም። ሰምቼዋለሁ እኮ።

ሐዘናቸው አልፎላቸው ነው የምትሉኝም ተዉ። እሁድ ረፋድ፣ ሰው ሁሉ ዶሮውን በልቶ ሲተኛ፣ በግድግዳው በኩል ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። እዚያው ሌሊት እልል ያሉ ሴትዮ።

እና እዚህ ላይ አንድ ነገር ያናድደኛል። ልቅሶ ቤት ገብቶ "ክርስቲያን እንዲህ አያዝንም፣ ደስ ይበልሽ" የሚል ሰው አለ። ጥቅምት ላይም አንዱ ነበር። ፍራሹ ላይ ተቀምጦ፣ ንፍሮውን እየበላ። ጌታ አልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል እኮ! ሊያስነሣው እየሄደ ነው ያለቀሰው። ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚነሣ እያወቀ። ይህን አንተ ከየት አምጥተህ ነው... ተዉኝ። በበዓለ ሃምሳ አልቆጣም ብያለሁ።

ማቴዎስ ላይ ሴቶቹ ከመቃብሩ ሲመለሱ በፍርሃትና በታላቅ ደስታ ነበር ይላል። ሁለቱም አንድ ላይ። ሉቃስ ላይ ደግሞ ሐዋርያቱ ከደስታ የተነሣ ማመን አቅቷቸው ሲደነቁ፣ እሱ "የሚበላ አላችሁ?" አላቸው። የተጠበሰ ዓሣ ሰጡት፣ በላ። ይህ ቦታ ሁሌ ያስቀኛል። ትንሣኤ ነው፣ ዓለም ተገልብጧል፣ እሱ ምግብ ይጠይቃል።

ብቻ... እነሱ ከደስታ ብዛት ነው ያላመኑት። እኔ አምናለሁ። የሚገርመው እሱ ነው። ለእያንዳንዷ ቃል መልስ አለኝ፣ አምናታለሁም። እና ደረቅ ነኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን የተሰበረ ነገር የለም፣ አልካድኩም፣ አልቀረሁም።

መዝሙር 50ን... በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 51 ነው... ስንቴ ደግሜዋለሁ። "የቀናውንም መንፈስ በውስጤ አድስ" ይላል። ቀጥሎ ደስታውን ይለምናል። ዳዊት እንኳን ለመነው። ስለዚህ የሚለመን ነገር ነው ማለት ነው? ትእዛዝም ነው፣ ልመናም ነው? አላውቅም። መምህራን ካላችሁ ጻፉልኝ። ረጅም አታድርጉት ግን።

እማማን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ምን ብዬ? "እንዴት ቻሉ?" ብዬ? ይህ ራሱ ነውር አይደል? ቡና ላይ ተገናኘንና ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። ልነሳ ስል "ያን ለሊት ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር አይደል?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው። ማታ ዝንጅብልና ማር ላኩልኝ።

አሁን እሱን እየጠጣሁ ነው። ጉንፋን የለብኝም። እሳቸው ግን ጉንፋን መስሏቸው ነው? ወይስ... እማማን ታውቋቸዋላችሁ። ዝም ብለው የሚልኩት ነገር... እ... እንጃ።

እሺ። በቃ፣ ልዝጋው።